ከተማዋን ያልጠራንበት ጠዋት

ጡረታ በወጣሁ ማግስት የነቃሁት በለመድኩት ሰዓት ነው፤ ገና ጎህ ሳይቀድ። ልጄ ሳሎን ሬዲዮኑን ከፍታለች። ሁለት መሪዎች እንደገና ተዛዝተዋል። አንዱ ተናግሯል፣ ሌላው መልሷል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱም ወገኖች እንዲታገሱ ጠይቋል። ልቤ እንደ ልማዷ ድንግጥ አለችና ብድግ ልል ስል፣ ይህን ዜና የማነበው እኔ እንዳልሆንኩ ትዝ አለኝ። "ዛቱ" ይባል ወይስ "አስጠነቀቁ" ብሎ የሚጨነቅ ሌላ ሰው ተገኝቷል። ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩና ተመልሼ ተኛሁ። የደብረ ብርሃንን የማለዳ ብርድ ያየ ሰው፣ ያ ብርድ ልብስ ምን ያህል እንደሞቀኝ ይገባዋል።

የሠራሁት የውጭ ዜና ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ "የት የት አገር ሄደሻል?" ይለኛል። እዚሁ ጎረቤት፣ ደነባ ሄጃለሁ። ፓስፖርት አውጥቼ አላውቅም፤ የዓለምን መሪዎች ግን ከነጠባያቸው አውቃቸዋለሁ። ማን ሲቆጣ ዝም እንደሚል፣ ማን ሲፈራ እንደሚፎክር፣ ማን "ሁሉም አማራጮች ክፍት ናቸው" ሲል ምንም አማራጭ እንደሌለው፣ ይህን ሁሉ ከወንበሬ ሳልነሳ ተምሬዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ጎረቤላ ነው፤ በአንኮበር ወረዳ ጽሕፈት ቤት። በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ የክትባት ቀንና የስብሰባ ጥሪ አነብ ነበር። ሰው ጆሮውን ካልነፈገኝ መጨረሻ ላይ አንድ ሁለት የውጭ ዜና ከጋዜጣ ቀድቼ ጣል አደርጋለሁ። ችግሩ ጋዜጣው አንኮበር እስኪደርስ ዜናው ሽበት ያወጣል። አንድ ጊዜ የአንዱን አገር ጠቅላይ ሚኒስትር "ተመረጡ" ብዬ በደስታ ሳነብ፣ ለካስ ሰውየው ተመርጠው፣ ተጣልተው፣ ከሥልጣን ወርደው ነበር። ጭጋጉ ከተራራው ሲወርድ ደግሞ እኔም ገበያተኛውም አንተያይም፤ ድምፄ ብቻ ይሄዳል። የሬዲዮ ሰው የሆንኩት ያኔ ነው ብል አልዋሸሁም።

ከዚያ ደነባ ተዛወርኩ፤ የአድማጮች ቡድን አስተባባሪ ተብዬ። ገበሬዎቹ ተሰብስበው ሬዲዮ ይሰማሉ፣ እኔ ደግሞ ያልገባቸውን አስረዳለሁ ተብሎ ነው የተላክሁት። አንድ ቀን ሁለት ባላጋራ አገሮች የሰላም ስምምነት መፈራረማቸውን ሰማን። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ ለመሆኑ የዚች እርቅ ዋሷ ማን ነው?"

"ዋስ እንኳ የላትም አባቴ። መሪዎቹ ራሳቸው ናቸው የፈረሙት።"

"እንግዲያማ እኔ በግም አልሸጥባት" አሉና ኩታቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ስምምነቱም ብዙ አልቆየም።

የደብረ ብርሃኑ ሬዲዮ ተከፍቶ ፈተና ሳልፍ የውጭ ዜና ክፍል ተመደብኩ። ክፍል ይባል እንጂ ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ነበር። ደመወዙን ተዉት፤ የውሎ አበሉ ቅጽ ራሱ ከዜናው ይረዝማል። አንዱ ወንበር የእኔ፣ ሌላው የአለቃዬ የጋሽ ሽፈራው።

ጋሽ ሽፈራው ሙሉ ልብስ ለብሰው በላዩ ጋቢ የሚደርቡ፣ እርሳሳቸውን በምላጭ የሚቀርጹ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ነበሩ። የጻፍኩትን ዜና ስሰጣቸው አያነቡትም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩና "አንብቢልኝ" ይሉኛል። እኔ ለጀርባቸው አነባለሁ። "ለምን አያዩኝም?" ብዬ ብጠይቃቸው፣ "ዘመድሽ አይደለሁም፤ አድማጭ ነኝ። አድማጭ ፊትሽን አያይም፣ ስታፍሪም ስትስቂም አያውቅልሽም" አሉኝ። ጀርባቸው ሲንቀሳቀስ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል ማለት ነው። አንገታቸው ከተቀለሰ ደግሞ ዋሽቻለሁ ማለት ነው።

መሪዎች የሚናገሩበትን ግሥ እንደ ቅመም ነበር የሚቆነጥሩት። "አስገነዘቡ"ን ይጠሉታል። "ዛቱ"ን የሚፈቅዱት ሰውየው በግልጽ ጦር ከጠራ ብቻ ነው። "'አሉ' በዪ። መዛታቸውን ሰሚው ይፍረድ፤ ሰሚው ሞኝ አይደለም።" አንድ ጊዜ "የዓለም ኅብረተሰብ ጥቃቱን አወገዘ" ብዬ ብጽፍ፣ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ "ማነው እሱ? ካገኘሽው ሰላም በዪልኝ" አሉ። ያወገዙትን አገሮች አንድ በአንድ እስክጽፍ አልዞሩም። "ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ" የሚለውን ተረት ደግሞ ከነጭራሹ ከልክለውኝ ነበር። "ዝሆኖቹን ተያቸው፤ የደከማቸው ናቸው።"

ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ግን አንድ ጥያቄያቸውን ነው። ዜናው ሲያልቅ ሁልጊዜ "ማን ቤት ይገባል?" ይላሉ። የስንዴ ዋጋ ከሆነ ዳቦ ቤት ይገባል፤ የነዳጅ ከሆነ የሹፌሩ ቤት፤ የዓረብ አገር ከሆነ ደግሞ ልጅ የላከ ሁሉ ቤት። "ዓለም ሩቅ ናት የሚልሽን አትመኚው" ይሉ ነበር።

አድማጮቻችንም ደጎች ነበሩ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከጣርማ በር ደውሎ አምርሮ ወቀሰኝ። የመኪና መንገዱ ዋሻ ውስጥ ሲገባ ሞገዱ ይቋረጥበታል። "ፕሬዚዳንቱ 'ትዕግሥታችን አልቋል' ሲሉ ገባሁ፤ ስወጣ ስለ ድንች በሽታ ታወራላችሁ። እንደው ጦርነቱ ታወጀ ወይስ ቀረ?" ከአልዩ አምባ ደግሞ ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩን። የውጭ ዜና ካነበብን በኋላ ሳይደውሉ አይውሉም። የመሪዎችን ስም እንደ ጎረቤት ስም ነበር የሚጠሩት፤ "ያ ያንቺ ሰውዬ ዛሬም ሲዝት ዋለ?" ይሉኛል።

እንግዲህ ያ የከበደው ጠዋት የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ሁለት መሪዎች ለሳምንታት ሲዛዛቱ ከርመው ነበር። እኛም በየጠዋቱ "አሉ፣ አሉ" ስንል ከረምን። አንድ ማለዳ ቢሮ ስንገባ፣ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ያለች አንዲት የወደብ ከተማ በሚሳይል መመታቷን አገኘን። ስሟን ዛሬ ብተወው የሚጎዳ የለም፤ ያን ጠዋት ግን መጥራት ነበረብን። ከተማዋን እኛ አካባቢ የማያውቃት የለም። ከአልዩ አምባና ከቆላው ለቤት ሠራተኝነት የሄዱት ልጆች ብዙዎቹ እዚያ ነበሩ። የደረሰን ዜና የወደቡ የነዳጅ ማከማቻ እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ስለ ሞተ ሰው የሚል ነገር የለውም።

ጽፌ ለጀርባቸው አነበብኩ። ጋሽ ሽፈራው "ማን ቤት ይገባል?" አላሉም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቶቹን ሁለታችንም እናውቃቸው ነበር።

እዚህ ላይ አገራችንን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልንገር። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ሽማግሎችና ጎረቤቶች ተጠራርተው ሳይነጋ ደጁን ያንኳኳሉ። ከዚያ በፊት ግን ባለቤቱን ያለማምዱታል። "ትንሽ አሞታል አሉ" ይባላል። "ሐኪም ቤት ሳይገባ አልቀረም" ይባላል። "ለማንኛውም አንተ በርታ" ይባላል። በሩቅ አገር የሞተ ሰው በእኛ ዘንድ መታመም የሚጀምረው ከሞተ በኋላ ነው። የጠዋት ዜናችን ደግሞ የሚተላለፈው ልክ በዚያ የመርዶ ሰዓት ነበር።

ጋሽ ሽፈራው የታናሽ ወንድማቸውን ሞት የሰሙት አውቶቡስ ተራ፣ አንድ ሰው ከመንገዱ ማዶ ጮሆ ነግሯቸው ነው። ያን ቀን ጠዋት ነው ያጫወቱኝ፤ እርሳሳቸውን እየቀረጹ። "እኔ እንደዚያ አላደርግም" አሉ። "ቀስ አድርገን እንንገራቸው። ከተማዋን አሁን አንጥራት። ለቀትሩ ዜና የተጣራ ነገር ይመጣል።" ስሟን ሰረዙ። ወደቡንም ሰረዙ፤ ወደብ ካልን ከተማዋ ትታወቃለችና። የቀረው ይህ ነበር፦ በባሕረ ሰላጤው አካባቢ በምትገኝ አንዲት ከተማ ላይ ጥቃት ደርሷል፤ የጉዳቱ መጠን በመጣራት ላይ ነው፤ በአካባቢው ቤተሰብ ያላችሁ አድማጮቻችን ተረጋግታችሁ እንድትጠብቁ እናሳስባለን።

እኔም ተስማማሁ። ስቱዲዮ ገብቼ ድምፄን ለስለስ አድርጌ አነበብኩት። ስወጣ ጋሽ ሽፈራው "ጥሩ ነው፤ አያስደነግጥም" አሉኝ።

ሻዬን ሳልጨርስ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ሰላምታ የለ፣ ቀልድ የለ።

"አስካለ፣ ማን ማን ናቸው የሞቱት?"

"ኧረ ጋሽ እንድሪስ፣ ሰው ሞተ አልተባለም።"

"እሱማ አልተባለም። ተረጋጉ ነው የተባለው። ልጇ ደህና ለሆነች እናት ማን ተረጋጊ ይላል?"

ከኋላቸው የሴቶች ለቅሶ ይሰማኛል።

"የእህቴ የዘሐራ ልጅ ሰዓዳ ያለችው እዚያው ባሕረ ሰላጤው ነው። ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። እህቴ መሬት ላይ ናት፤ ጎረቤቱም ገብቷል።"

ከተማዋን ነገርኳቸው። የተመታው ወደቡ መሆኑንም ነገርኳቸው። የሰዓዳ ከተማ ያችው ነበረች። ጋሽ እንድሪስ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። "አየሽ፣ ቅድም ብትነግሪኝ አምንሽ ነበር። አሁን ግን የሸሸግሽው ሌላም ያለ ይመስለኛል። መርዶውን ጀምራችሁ መሀል ላይ አትተዉት። ወላሂ በስልክ አይሆንም፤ ኑና ጨርሱት።"

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። ከተማዋን ስላልጠራን በባሕረ ሰላጤው ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ከተማዋ የእሱ ልጅ ያለችበት መሰለው። ስልኩ ተራ በተራ ይጮኽ ጀመር። ከአንኮበርም፣ ከደነባም፣ ከዚያው ከደብረ ብርሃንም። በሚቀጥለው ሰዓት ዜና ስሟ ተጠራ፤ ወደቡም ተጠራ። ለብዙው ቤት ደረሰ፤ ልጆቻቸው ሌላ ከተማ የነበሩት እያመሰገኑም እየረገሙንም ስልኩን ዘጉ። ለዘሐራ ቤት ግን አልደረሰም። ለቅሶ ቤት ሬዲዮ አይከፈትም።

ጋሽ ሽፈራው ጋቢያቸውን አንስተው "እንሂድ" አሉ። መኪናው በአንኮበር አድርጎ ቁልቁለቱን ሲወርድ ብርዱ ለቀቀን፣ ሙቀቱ ተቀበለን፤ እሳቸው ጋቢያቸውን አላወለቁም። አልዩ አምባ ስንደርስ ከመኪናው ወርደን አቀበቱን በእግራችን ወጣን። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ደርበው፣ አንገታችንን ደፍተን።

የሠራነውን ያወቅነው ዋይታው ሲፈነዳ ነው። ሁለት ሽበታም እንግዶች ነጭ ለብሰው ዝም ብለው ወደ አንድ ደጅ ሲመጡ ምን ማለት እንደሆነ ማን ይጠፋዋል? መርዶ ልናስተባብል ሄደን መርዶ ነጋሪ መስለን ቁጭ አልን። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ አየሁ። ጋሽ ሽፈራው መጀመሪያ ቆሙ። ከዚያ ጋቢያቸውን ገፈው መሬት ላይ ጣሉትና፣ ያ ድምፁ የማይሰማ ሰውዬ፣ ከመንገዱ ማዶ ጮኹ፦

"ለመርዶ አይደለም! ለመርዶ አልመጣንም! ስለ ሞት የምናውቀው የለም!"

ግቢው ጸጥ አለ። ዘሐራ ሴቶቹ መሀል መሬት ላይ ተቀምጣለች። ቀጭን ሴት ናት፤ ሻሿ ወደ ኋላ ሸርተት ብሏል። ፊቷ እንባ አልነበረውም፤ ደርቆ ነበር።

"ቅረቡ" አለች። "በአላህ ይዣችኋለሁ፤ የምታውቁትን ሁሉ ንገሩኝ። አታባብሉኝ።"

ጋሽ ሽፈራው ፊት ለፊቷ ተንበረከኩ። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ለአድማጭ ሲሰጡ አየሁ። ከተማዋን ጠሩ። የተመታው የወደቡ ነዳጅ ማከማቻ መሆኑን፣ እሳቱ ገና አለመጥፋቱን ነገሯት። "ሰው ስለ መሞቱ የመጣልን ወሬ የለም እህቴ። የለም ማለት ግን አልሞተም ማለት አይደለም። አናውቅም ማለት ነው።"

"ወደቡ ባሕሩ ዳር ነው?"

"አዎ።"

"ልጄ ልብስ የምታሰጣበት ሰገነት ላይ ስትወጣ ባሕሩ ይታየኛል ትላለች" አለች።

"ተረጋጊ" የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ምላሴን ነክሼ መለስኩት። ሌላ የምሰጣት ስላልነበረኝ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ይዛ ጠየቀችኝ።

"ያ ጣሉ ብሎ ያዘዘው ሰውዬ፣ ልጅ አለው?"

የሕይወት ታሪኩን በየዓመቱ ስተረጉም የኖርኩት ሰው ነው። "አለው" አልኳት። "ሴት ልጅ አለችው።"

"ታዲያ እሷ ስልክ ባታነሳ ምን ይሆን ነበር?"

መሪዎችን ስሰማ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለአንዱም ሲቀርብለት ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ቀን በኋላ አሠራራችን ተለወጠ። ከተማ ከሆነ ከተማው፣ ሰፈር ከሆነ ሰፈሩ ይጠራል። የምናውቀውን እንናገራለን፣ የማናውቀውንም "ይህን አናውቅም" ብለን በግልጽ እናነባለን። "ተረጋጉ" የሚለው ቃል ከጠረጴዛችን ወጣ፤ ያወጡትም ጋሽ ሽፈራው ናቸው። አዲስ የሚቀጠር ሁሉ ይህን እስኪማር ድረስ ማይክራፎን አይሰጠውም ነበር። እኔም ለተተኪዬ ያወረስኩት ይህንኑ ነው። ይህ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው። ያን ቀን እዚያ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለን፣ ወሬ ጨርሰን፣ አንዲት ልጅ ትኑር አትኑር የማናውቅ ሰዎች ነበርን።

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ወንዶቹ ለዙሁር ሶላት ተነሡ። ዱዓቸውን ጨርሰው ሲመለሱ የጋሽ እንድሪስ ስልክ ጮኸ። አውጥተው አዩት፤ የማያውቁት ረጅም ቁጥር ነው። ወደ ጆሯቸው ሊወስዱት አልደፈሩም፤ ወደ እኔ ዘረጉት፣ መልሰው ሳቡት።

"አምጣው" አለች ዘሐራ። "ከፍተህ አምጣው። ሁሉም ይስማው፤ የምደብቀው የለኝም።"

ድምፁን ለቀቁትና መሬት ላይ አስቀመጡት። መጀመሪያ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ከዚያ ትንፋሽ።

"እማ? እማ፣ እኔ ነኝ! ስልኬን ትቼው ወጥቼ ነው። ሌሊት ቀስቅሰውን ከባሕሩ አርቀው የእመቤቲቱ እናት ቤት ወሰዱን። ይሄ የሾፌሩ ስልክ ነው። እማ፣ ትሰሚኛለሽ?"

ዘሐራ ስልኩን በሁለት እጇ ሸፈነችው፤ እንደሚበርባት ነገር። ከኋላዬ አንዲት ሴት ሳቋም ለቅሶዋም አብሮ አመለጣት፤ ከዚያ ሁሉም ሴቶች ባንዴ ፈነዱ። ጋሽ ሽፈራው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አልቅሼ አላውቅም።

ጫጫታው ባሕሩን ተሻግሮ ሳይሰማ አልቀረም። የልጅቱ ድምፅ ተለወጠ።

"እማ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ምንድን ነው? ለቅሶ ይሰማኛል። እማ፣ ማን ሞቶ ነው?"

ሁላችንም ወደ እናትየዋ አየን። ዘሐራ ሻሿን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

"አንቺ ነበርሽ፣ የኔ ልጅ" አለቻት። "አልሐምዱሊላህ፣ ቀርቷል።"